ማንቹሪያ ወይስ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና?

ጥያቄ፦ የሩሲያና የጃፓንን ጦርነት በሚተርክ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ውጊያው የተካሄደው «በማንቹሪያ» መሆኑን አነበብኩ። በዛሬው ካርታ ላይ ግን ስሙን ፈልጌ አጣሁት። አብሮኝ የሚማር ቻይናዊም ስሙን ስጠራ ፊቱን ቋጠር አድርጎ «ዶንግቤይ በል» አለኝ። ስሙ ምን ነውር አለበት? ስጽፍስ የትኛውን ልጠቀም?

መልስ፦ ቦታው በአብዛኛው አንድ ነው፤ ዛሬ ሊያዎኒንግ፣ ጂሊንና ሄይሎንግጂያንግ የሚባሉት ሦስቱ የቻይና ክፍላተ ሀገር ያሉበት ምድር ነው። ዶንግቤይም ቃል በቃል «ምሥራቅ ሰሜን» ማለት ነው፤ ቻይናውያን አቅጣጫ ሲጠሩ ምሥራቅን ያስቀድማሉና። የባልደረባዎ ቅሬታ የመጣው ስሙ ለምን ዓላማ እንደዋለ ከማስታወስ ነው። (ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«ማንቹ» ከመነሻው የሕዝብ ስም ነው። በ1635 ሆንግ ታይጂ የተባለው ገዥ ሕዝቡ ጁርቸን መባሉ ቀርቶ ማንቹ እንዲባል አዘዘ፤ በማግስቱ ዓመት የቺንግን ሥርወ መንግሥት አወጀ፤ በ1644ም ማንቹዎች ቤይጂንግ ገቡ። ይሁን እንጂ በዚያ ሁሉ ዘመን «ማንቹሪያ» የሚባል ክፍለ ሀገር አላቋቋሙም። ቻይናውያን ምድሩን ጓንዶንግ፣ ማለትም ታላቁ ግንብ ወደ ባሕር በሚደርስበት ከሻንኻይጓን በር በስተምሥራቅ ያለ አገር ይሉት ነበር። ቺንግ የሐን (የቻይና አብዛኛው ሕዝብ) ገበሬዎች እንዳይሰፍሩበት ለረጅም ጊዜ ስለከለከለ፣ ወደዚያ መሰደድን ሕዝቡ «ጓንዶንግን ጥሶ መግባት» ብሎ ጠራው። «ማንቹሪያ»ን የቦታ ስም አድርገው ያስለመዱት በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጃፓንና የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ናቸው።

ስሙ ቁስል የሆነው ከ1931 ወዲህ ነው። በመስከረም 18 ሌሊት ሙክደን ከተማ አቅራቢያ በጃፓን ሥር በነበረው የባቡር ሐዲድ ላይ ፈንጂ ፈነዳ። ጉዳቱ እጅግ ቀላል ስለነበር ጥቂት ቆይቶ የመጣው ባቡር በዚያው ሐዲድ ላይ አልፏል፤ ፈንጂውን ያጠመዱትም የጃፓን መኮንኖች ራሳቸው ነበሩ። ያም ሆኖ የጃፓን ጦር ድርጊቱን በቻይናውያን አሳቦ አካባቢውን በሙሉ ያዘ፤ በመጋቢት 1932ም «ማንቹኩዎ»፣ ማለትም የማንቹዎች አገር የተባለ መንግሥት አቆመ። በአናቱ የተቀመጠው በልጅነቱ ከቺንግ ዙፋን የወረደው ፑዪ ነበር። እዚህ ላይ ስሙ ራሱ የክርክር ነጥብ ሆኖ ማገልገሉን ልብ ይበሉ፤ ምድሩ የማንቹዎች ከሆነ የቻይና አይደለም ለማለት ነው፤ ነዋሪው ግን በዚያን ጊዜ እጅግ በሚበዛው ሐን ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ሎርድ ሊተን የመሩትን አጣሪ ቡድን ልኮ ሪፖርቱን በየካቲት 1933 ለድምፅ ሲያቀርብ 42 አገሮች ደገፉት፤ የተቃወመችው ጃፓን ብቻ ነበረች፤ ልዑካኗም ጉባኤውን ጥለው ወጡ። ቻይናውያን እስከ ዛሬ የዚያን መንግሥት ስም ሲጽፉ «ሐሰተኛ» የሚል ቃል ያስቀድሙበታል።

የሚገርመው፣ በሰሜን በኩል ይኸው ስም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጎትታል። ሩሲያ በ1858ቱ የአይጉንና በ1860ው የቤይጂንግ ውል ከአሙር ወንዝ ሰሜንና ከኡሱሪ ምሥራቅ ሰፊ ግዛት ከቺንግ ወስዳለች፤ ይህንኑ «ውጭኛው ማንቹሪያ» የሚሉት ሰዎች ነገሩ እንዳይረሳ የሚፈልጉ ናቸው። ቻይናም በ2023 በካርታዎቿ ላይ በዚሁ ግዛት ካለችው የሩሲያ ወደብ ከቭላዲቮስቶክ ስም ጎን ኻይሸንዋይ የሚለው የቻይንኛ ስም እንዲጻፍ አዛለች። አሙርን ራሱን ቻይናውያን «ጥቁር ዘንዶ ወንዝ»፣ ማንቹዎች ደግሞ «ሳሃሊያን ኡላ»፣ ጥቁር ወንዝ ይሉታል፤ ይህ የወንዝ ስም በካርታ ሠሪዎች ስሕተት ወደ ባሕሩ ተሻግሮ የሳካሊን ደሴት ስም ሆኖ ቀርቷል።

ኮሪያውያንም ድርሻ አላቸው። በ1712 በፔክቱ ተራራ ላይ የቆመው የድንበር ድንጋይ ምሥራቃዊው ወሰን የትኛው ወንዝ እንደሆነ በአንድ ስም ስለጠቀሰ፣ ስሙ የቱመን ነው ወይስ የሌላ ወንዝ የሚለው ክርክር ከቱመን በስተሰሜን ያለውን፣ ጋንዶ የሚሉትን ምድር ባለቤትነት አወዛገበ። በ1909 ጃፓንና ቺንግ ኮሪያ ሳትኖርበት ተዋውለው ድንበሩን ቱመን አደረጉት።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ የዛሬውን ሲጽፉ «ሰሜን ምሥራቅ ቻይና» ይበሉ። የ1904 እና 1905ን ጦርነት ሲተርኩ ግን የዘመኑ ሰነዶች የሚሉትን «ማንቹሪያ» መጻፍ ነውር የለበትም፤ ሕዝቡን ማንቹ ማለትም እንዲሁ፤ ቻይና ራሷ በዚህ ስም ትመዘግባቸዋለችና። ከ1932 እስከ 1945 ለነበረው መንግሥት «ማንቹኩዎ» ብለው በጃፓን የተቋቋመ መሆኑን ይግለጹ። መጽሐፍዎ ላይ የሚያገኟቸውን ሙክደንንና ፖርት አርተርን ደግሞ በካርታው ላይ ሼንያንግና ሉሹን በሚሉት ስሞች ይፈልጓቸው።