ኮዬ ፈጬ ሆኜ ኦፕን ሶርስ ላይ መሥራት እችላለሁ ወይ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ባጭሩ ይሄ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ 2ኛ ዓመት ነህ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ትኖራለህ። ላፕቶፕህ 4 ጊጋ ራም ነው፣ ኢንተርኔትህ የስልክ ዳታ ነው፣ በእንግሊዝኛህ አትተማመንም። አንድ ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጤን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ልከህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም አልመለሰልህም። ኦፕን ሶርስ ላይ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት ፕሮጀክት ውስጥ፣ ለእኔ ዓይነቱ ቦታ አለ ወይ ብለሃል። ገንዘብ ይገኝበት እንደሆነም ጠይቀሃል።

አለ። እኔም ሩቅ አይደለሁም፣ ቱሉ ዲምቱ ነኝ። የምሠራው ከዚሁ ሆኜ ነው።

መጀመሪያ ዝምታውን እንደ ንቀት አትየው። ሰዎቹ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የላቸውም። ሥራ ውለው፣ ልጅ አስተኝተው ነው ኮድህን የሚከፍቱት። የብሎካችሁን ኮሚቴ አስበው። ሰብሳቢው ማታ ደክሞት ሲገባ አንዱ ደረጃ ላይ ይጠብቀውና "ውሃ የለም እኮ! ምንድን ነው የምትሠሩት?" ይለዋል። ሌላው ደግሞ "ውሃው የጠፋው ከ3ኛ ፎቅ በላይ ብቻ ነው፤ ፓምፑ ይነሳል፣ ግን ወዲያው ይጠፋል" ይለዋል። ከየትኛው ጋር አብሮ የሚወርድ ይመስልሃል? ሜንቴይነርም (ፕሮጀክቱን የሚጠብቀው፣ የሚላክለትን ኮድ አይቶ የሚቀበለው) ሰው ነው። ኮድ የሚልክለት አላጣም፤ ያጣው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሪድሚ ፋይል (የፕሮጀክቱ ማብራሪያ ጽሑፍ) ላይ ኮማ በማስተካከል አትጀምር። ብዙ ሰው "ለመለማመድ ጥሩ ነው" ብሎ ይመክራል። ለእኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሀክቶበርፌስት በሚባለው፣ በየኦክቶበሩ በሚደረገው የኦፕን ሶርስ ዘመቻ ላይ የሆነው ይበቃል። አራት ፑል ሪኩዌስት ለላከ ቲሸርት ይሰጥ ነበር። ለቲሸርቱ ሲባል እርባና የሌለው ለውጥ ጎረፈ፣ ሜንቴይነሮቹም እሱን ሲዘጉ ከረሙ። አዘጋጆቹ ወሩ ሳያልቅ ደንቡን ቀይረው፣ ልሳተፍ ያለ ፕሮጀክት ብቻ እንዲቆጠር አደረጉ።

አንተ የምትጠቀምበትና እጅህ ላይ የተበላሸ ነገር ፈልግ። እኔን ያስገባኝ የቀን መቁጠሪያ ነው። ስልኬ ላይ የነበረ፣ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር አንድ ነጻ አፕ ከመስከረም 1 ቀን 2016 ጀምሮ በአንድ ቀን ይስት ጀመር። 2015 ላይ ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች እንቁጣጣሽ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው የዋለው። አፑ ግን 11 ላይ ድርቅ ብሏል። የሚገርመው ደግሞ ፌብሩዋሪ 29 ሲያልፍ ስህተቱ በራሱ ይጠፋል፤ ፈረንጆቹም ያኔ አንድ ቀን ይጨምራሉና። እንዲህ ዓይነት ችግር ሰው ሁለቴ ሳያየው ያልፋል። የውጭ አገሩ ሜንቴይነር ጳጉሜን ከየት ያውቃታል?

የላክሁት ሪፖርት አጭር ነበር። ምን እንዳስገባሁ፣ ምን እንደጠበቅሁ፣ ምን እንደወጣ፣ የአፑ ቨርዥን። ከዚያ ሁለት መፈተሻ (ቴስት) ጨመርኩበት፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ሲገባ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ መስከረም 1 ቀን 2012 ሲገባ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 መውጣት አለበት። ሰውየው የእኛን አቆጣጠር መማር አላስፈለገውም። ቴስቱን አስኪዶ አየው፣ ቴስቱ ወደቀ፣ ኮዱን አስተካከለው። እንግሊዝኛው የሦስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነበር፤ ማንም ቅር አላለውም። አንተም እንዲያ ጻፍ።

ስለ ራሙ፦ ፋየርፎክስን ወይም ሊብሬኦፊስን ከኮዱ ልገንባ ብትል ላፕቶፕህ ያለቅሳል። ትንንሽ የፓይተን ወይም የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ምረጥ። ለዳታው ደግሞ ክሎን ስታደርግ (ኮዱን ወደ ላፕቶፕህ ስታወርድ) "ዴፕዝ 1" (--depth 1) የሚለውን አማራጭ ጨምር፤ የቆየውን ታሪክ ትቶ የቅርቡን ብቻ ያወርድልሃል። ከዚያ በኋላ ጊት (የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ኔትወርክ አይለምንህም። ኮሚቱን (ለውጥ መመዝገቡን)፣ ብራንቹን (የራስህን የሥራ ቅርንጫፍ)፣ ሁሉን እቤትህ ትጨርሳለህ። ፑሽ ለማድረግ (ሥራህን ለመላክ) ብቻ ዳታ ትከፍታለህ። ባትሪህ እስከቻለ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም።

ገንዘብ ላልከው፣ በዚህ አትጀምር። በኋላ ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድን (ጉግል ጀማሪዎችን ኦፕን ሶርስ ላይ የሚያሠራበትን ፕሮግራም) ተመልከት፤ ለጀማሪዎች አበል አለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ተማሪ ላልሆኑም ክፍት ነው።

አሁን ወደላክኸው ፑል ሪኩዌስት። ከሥሩ ያለው አውቶማቲክ ቴስት ቀይ ከሆነ ማንም አያየውም፣ እሱን አረንጓዴ አድርግ። "ኮንትሪቢዩቲንግ" የሚል ፋይል (ኮድ ለሚልክላቸው ሰው የጻፉት መመሪያ) ካላቸው አንብበው፤ መጀመሪያ ኢሹ (የችግር ሪፖርት) ክፈት የሚሉ አሉ። ፕሮጀክቱ ላይ መጨረሻ ኮሚት የተደረገው መቼ እንደሆነም እይ። ዓመታት ካለፉት ሰዎቹ ትተውታል፣ ሌላ ፈልግ። ካልሆነ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትህትና፣ "የማስተካክለው ነገር አለ?" ብለህ ጻፍላቸው። በየቀኑ አትነዝንዛቸው።

ሊንኩን እዚህ ጣልልኝ። መብራት ካልጠፋ ዛሬ ማታ አየዋለሁ።