ለአገር ቤት ቤዝ አምፕ የምትገዙ ወገኖቼ፣ ከድምፁ በፊት ቮልቱን ጠይቁ

ከደብረ ማርቆስ ወጥቼ አሜሪካ ከገባሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤዝ ጊታር ከእጄ አልተለየም። የጥር ሠርግ ሲቃረብ ስልኬ ይበዛል። ለወንድሙ፣ ለእኅቱ ልጅ ወይም ለሰፈሩ ባንድ ኮምቦ አምፕ፣ ማለትም ማጉያውና ስፒከሩ በአንድ ሣጥን ያሉበትን፣ ሊልክ ያሰበ የጎጃም ልጅ «የድሮው ይሻላል ወይስ የአሁኑ?» ብሎ ይጠይቀኛል። አብዛኛው ግን የሚደውለው ከገዛ በኋላ ነው። ይህ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ያ ገንዘብ የሌሊት ፈረቃ ተሠርቶ፣ እንቅልፍ ታጥቶ የተገኘ ነው።

1. ወረቀት

የግዢ ደረሰኙን አትጣሉ፤ ቀረጡን ከመላካችሁ በፊት ከጉምሩክ አጣሩ። ስለዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

2. ክብደትና ዋት

በድሮው አምፕ ከግድግዳ የሚመጣው ኃይል በመጀመሪያ የሚያልፈው በትልቅ የብረት ትራንስፎርመር ነው፤ የስፒከሩም ማግኔት ከባድ ነው። ስለዚህ ባለ 15 ኢንች ስፒከር የድሮ ኮምቦ ከ30 ኪሎ በላይ መመዘኑ የተለመደ ነው። የአሁኖቹ ብዙዎቹ ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት ናቸው። የኃይል ክፍላቸው መብራቱን በከፍተኛ ፍጥነት እየቆራረጠ ስለሚሠራ ትንሽ ትራንስፎርመር ይበቃዋል፤ ብዙ ጊዜም ማግኔታቸው ቀላሉ ኒዮዲሚየም ነው። ለምሳሌ ፌንደር ራምብል 500 ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ይዞ የሚመዝነው ወደ 17 ኪሎ ነው። የአውሮፕላን ሻንጣችሁ 23 ኪሎ ከሆነ አዲሱ አብሯችሁ ይገባል፤ አሮጌው ግን በካርጎ ይሄድና ከአዲስ አበባ ደግሞ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭኖ የዓባይን በረሃ ይሻገራል። ያ ሁሉ መንገጫገጭ ለባለ ቲዩብ አምፕ፣ በትራንዚስተር ፋንታ አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ለሚሠራው፣ ደግ አይደለም።

የዋት ቁጥር አያታላችሁ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ቅድም የጠቀስሁት ራምብል 500ም ቢሆን በራሱ ስፒከሮች ብቻ የሚሰጠው 350 ዋት ሲሆን፣ 500 የሚሞላው ተጨማሪ ስፒከር ሲሰካለት ነው። ድንኳን ውስጥ ከድራምና ከኪቦርድ ጋር ለሚጫወት ልጅ ከዋቱ ይልቅ ወደ ሚክሰር በቀጥታ የሚሄድ የዲአይ መውጫ መኖሩን እዩለት።

3. አሮጌ ካልገዛሁ የምትሉ

የድሮው ድምፅ እንደሚጥም አልክድም፤ እኔም እወደዋለሁ። የድሮው ትራንዚስተር አምፕ ደግሞ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ዕቃው በዓይን ስለሚታይና አንድ በአንድ ስለሚፈታ ባሕር ዳር ያለ ጎበዝ ጠጋኝ ሊያድነው ይችላል። የአዲሱ ቦርድ ግን እንደ ጤፍ በደቀቁ ዕቃዎች የተሞላ በመሆኑ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ መላው ቦርድ ይቀየራል፤ ቦርዱም አገር ቤት በቀላሉ አይገኝም። ባለ ቲዩቡን ግን አትላኩ፤ ቲዩቡ ሲያልቅ ምትኩ ከእናንተው ይጠበቃል፤ ካፓሲተሮቹም ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላ ሰው የሚገድል ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ስትገዙ ቤዛችሁን ይዛችሁ ሂዱ። 41 ኸርዝ ገደማ ላይ ያለውን ወፍራሙን የኢ ክር ከፍ አድርጋችሁ ምቱና ስፒከሩ ይንኮሻኮሽ እንደሆነ ስሙ። የስፒከሩ ጠርዝ ስፖንጅ ከሆነ በጣት ነክታችሁ መፈርፈሩን እዩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አብርታችሁ አቆዩትና አሽትቱት።

4. መብራት

ይህን አራተኛ ማድረጌ ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ መምጣት ነበረበት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአውሮፓው 230 ቮልት ስለሆነ ከጀርመን ወይም ከስዊድን የምትልኩ ይህ ጣጣ የለባችሁም፤ ስፒናውም ይገጥማል። እኛ አሜሪካ ያለነው ግን የአምፑን ጀርባ ሳናነብ ገንዘብ ማውጣት የለብንም። አዲስ ስለሆነ ብቻ ሁለቱንም ቮልት ይቀበላል ብላችሁ አታስቡ። «100–240» ተብሎ ከተጻፈበት እሰየው፤ እንዲህ ያለው ማታ ማታ ቮልቱ ሲወርድም ሳይንገዳገድ ይሠራል። 120 ብቻ ከሆነ ማውረጃ ትራንስፎርመር የግድ ነው፤ አቅሙም ከአምፑ ፍጆታ በደንብ የሚበልጥ መሆን አለበት። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ስለዚህ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ አሮጌ አምፕ ያኔም ቢሆን ከወትሮው በላይ ይግላል።

ይህን የምናገረው ከደረሰብኝ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ለታናሽ ወንድሜ በ1970ዎቹ የተሠራ ባለ ቲዩብ ኮምቦ ገዛሁ። የገዛሁት እሱ ፈልጎት አይደለም፤ ወጣት ሳለሁ ስመኘው የኖርሁት ድምፅ እሱ ስለነበረ ነው። ለካርጎው የከፈልሁት ከአምፑ ዋጋ በለጠ። ማውረጃ ትራንስፎርመሩንም ገዝቼ ነበር፤ ግን ክብደቱ ዋጋ ሲጨምርብኝ «በኋላ በሰው እልከዋለሁ» ብዬ ምድር ቤት አስቀመጥሁት። ለወንድሜ ግን ትራንስፎርመሩ እስኪደርስ አትሰካው ብዬ አንድ ቃል አልነገርሁትም።

ሠርግ መጣና ሰካው። ፊውዙ ወዲያው ተቃጠለ፤ እሱ ሥራውን ሠርቶ ነበር። ሠርገኛ ቆሞ የሚጠብቀው ልጅ ግን ምን ያድርግ? ከካቦ ላይ የመዳብ ክር መዝዞ በፊውዙ ፋንታ አሰረበት። ሁለተኛው ጊዜ የተቃጠለው የአምፑ የራሱ ትራንስፎርመር ነው።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ስደውል «አምፑ እንዴት ነው?» እለዋለሁ፤ «ደኅና ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ አገር ቤት ስገባ አምፑ ሳሎን ጥግ ላይ ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ የእናቴ ረከቦት ተቀምጦበት አገኘሁት። ወንድሜ ዓይኔን ማየት አልቻለም። «ወንድምዓለም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ አፍሬ ነው ያልነገርሁህ» አለኝ። የእኔን ጥፋት ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ፤ ይህን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለዚህ እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና የሚጫወተውን ልጅ ጠይቁት። የት ነው የምትጫወተው? ጄኔሬተር ነው ወይስ መስመር? ስታብላይዘር አላችሁ? በምን ታመላልሰዋለህ? ሲበላሽ ማን ይጠግንልሃል? በድንገት ደስ ላሰኘው ብላችሁ አትደብቁት። ስጦታ ሲደርሰው የማይፈልገውንም «ይበቃኛል» የሚል ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግነው፤ ደጋግማችሁ ካልጠየቃችሁት እውነቱን አይነግራችሁም።

እኔ በሁለተኛው ጊዜ ጠየቅሁት። መልቲሜትር ልኬለት ማታ በሥራ ሰዓቱ የቤቱን መብራት ሲለካው 187 ቮልት አገኘ። ያን ጊዜ ጀርባው ላይ «100–240» የሚል ቀላል አዲስ ኮምቦ ገዛሁና በሻንጣዬ ይዤለት ሄድሁ። የአሮጌውን ስፒከር ባሕር ዳር ያለ ጠጋኝ አየልንና ደኅና መሆኑን ነገረን፤ ለኤሌክትሪክ ያለውን መቋቋም ለክቶም 8 ኦም ስላገኘው የአዲሱ መመሪያ ከሚፈቅደው ጋር ተስማማ። አሮጌው ሣጥን ጃክ ተገጥሞለት ዛሬ የአዲሱ ተጨማሪ ስፒከር ሆኗል። አሮጌው ስፒከር እንዳይጎዳ አዲሱን ከግማሽ ድምፅ በላይ እንዳይከፍትበት ነግሬዋለሁ። ከጀርባው አምስት መለዋወጫ ፊውዝ በፕላስተር ለጥፌ፣ ከሥሩ የእያንዳንዱን አምፔር በእጄ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ።