በመቃኑ ላይ የነበሩት ጭረቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት የምህንድስና ተማሪ ደወለችልኝ። ወላጆቿ ኦስሎ ይኖራሉ። እሷ የምትማረው እዚህ እኔ ባረጀሁባት በሰሜን ኖርዌይዋ ከተማ በትሮምሶ ነው። "ጋሼ፣ ክረምቱ እየሞቀ ከሆነ የድሮ የበረዶ መዝገብ ማገላበጥ ምን ይረባናል?" አለችኝ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ጥያቄዋ የማልወደው ቦታ ነካኝ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 1997 ነው። ከትሮንዳይም ተመርቄ የመጣሁ፣ ራሴን ትልቅ አድርጌ የማይ ጎረምሳ መሐንዲስ ነበርኩ። አንድ አሳ አጥማጅ ሽማግሌ የጀልባ ማስቀመጫቸው ጣሪያ ላይ በረዶ ተቆልሎባቸው፣ ማርች ወር ላይ "ይዛቅ ወይስ ይቆይ?" ብለው ጠየቁኝ። ሠንጠረዤን ገለጥኩ። አማካዩን አየሁ። "ከእንግዲህ መቅለጡ ነው፣ አይድከሙ" አልኳቸው።

አልተከራከሩኝም። ክንዴን ይዘው ወደ በሩ ወሰዱኝ። መቃኑ ላይ በቢላ የተጫሩ ምልክቶች ነበሩ፤ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ አጠገባቸው ዓመተ ምሕረት። አባታቸው ጀምረውት እሳቸው ቀጥለውበታል። በየዓመቱ በረዶው እስከየት እንደደረሰ ነው። ከፍ ከፍ ያሉት አብዛኞቹ የማርች መጨረሻና የአፕሪል ነበሩ። "እዚህ በረዶው የሚከመረው ፀሐይ ከተመለሰች በኋላ ነው" አሉኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። ቢላና እንጨት!

እውነቱን ለመናገር ያኔ ስለ በረዶ የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር። እኛ አገር ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም፣ ይሄም ሁሉ "በረዶ" ነው። አመዳይ የሚለውን ቃል እንኳ የማስታውሰው ከቤተ ክርስቲያን ነው። እነሱ ግን ውሃ ያዘለውን ከባዱን ለብቻው "ክራምስኖ" ብለው ይጠሩታል። ስሙን ባውቀው ኖሮ ምናልባት እጠነቀቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ፋሲካ አፕሪል 27 ዋለ። ቅዳሜ ሽንኩርት እያቁላላሁ ሽማግሌው ደወሉ። "ወራጁ ይንቋቋል" አሉኝ። በርበሬው ከኦስሎ በሰው እጅ የመጣ ነው፤ እንዳያርብኝ ዓይኔ ድስቱ ላይ ነበር። "ሰኞ እመጣለሁ" አልኳቸው። ሰኞ እንግዶች ነበሩብኝ። ማክሰኞ፣ አፕሪል 29፣ ከተማዋ ያለችበት ደሴት አናት ላይ ያለው የሜትሮሎጂ ጣቢያ 240 ሴንቲሜትር በረዶ ለካ። የከተማዋ ክብረ ወሰን ሆኖ የተመዘገበው እሱ ነው። እኔ ስደርስ ጣሪያው ጀልባዋ ላይ ተኝቷል። ሰው አልተጎዳም። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ቡና ቀዱልኝ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት። አዲስ የወረደ በረዶ በሜትር ኪዩብ ወደ 100 ኪሎ ቢመዝን ነው። ወር የቆየው፣ የተጠቀጠቀው ግን 300ም 400ም ይገባል። 240 ሴንቲሜትር ሲሆን በካሬ ሜትር ከ700 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ጣሪያ ላይ ነፋስ ጠርጎ ሊያቀልለው ይችላል፣ ጥግ ፈልጎም ይቆልለዋል። የእሳቸው ጣሪያ ከረጅም ሕንፃ ሥር ነበር። ይሄን ዓይኔ እያየ ነው ያለፍኩት።

እንግዲህ ለልጅቷ ያልኳት ይሄን ነው። ሙቀቱ እውነት ነው። በ2021 ኖርዌይ የአየር ንብረት መነጻጸሪያዋን፣ ማለትም የ30 ዓመቱን አማካይ፣ ከ1961–1990 ወደ 1991–2020 ስትቀይር አገሪቱ ከአንድ ዲግሪ በላይ ሞቃ ተገኘች። ግን ትሮምሶ 69 ዲግሪ ሰሜን ላይ ብትሆንም ሞቃት የባሕር ጅረት ያቅፋታል። የከፋው ቅዝቃዜዋ እንኳ በፌብሩዋሪ 1966 የተመዘገበው 18.4 ከዜሮ በታች ነው። ክረምቷ ዜሮ ጫፍ ላይ ስለሚንከላወስ፣ ትንሽ ስትሞቅ በረዶው መሐል ዝናብ ይመጣል። የተከመረው እንደ ስፖንጅ ይጠጣዋል። ሞቅ ያለ ክረምትም ጣሪያ ይሰብራል ማለት ነው። ደግሞ "በ50 ዓመት አንዴ" የሚባል ጭነት ሲነገራችሁ ተራው ገና ነው ብላችሁ አትተኙ። በየዓመቱ ከመቶ ሁለት ዕድል አለው ማለት ነው። 50 ዓመት የሚቆም ቤት ቢያንስ አንዴ የመግጠሙ ዕድል ከመቶ 64 ግድም ነው።

የዘንድሮ ልጆች ስለ ነገ ስልካችሁን ትጠይቃላችሁ፣ ስለ አምና ግን ማንንም አትጠይቁም። እርግጥ እኔም መጋረጃ ከመክፈቴ በፊት የማየው ስልኬን ነው። ልጅቷም ብትሆን መልሼ ስደውልላት የጣቢያውን የብዙ ዓመት ልኬት በአንድ ሌሊት በግራፍ ሠርታ ጠበቀችኝ። እኔን ወር ይፈጅብኝ ነበር።

ስለ መቃኑ ነገርኳት። ሽማግሌው ካረፉ በኋላ አንድ ቀን ደብተር ይዤ ሄጄ ነበር። ማስቀመጫው ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። እንጨቱ የት እንደተጣለ የሚያውቅ ሰው አጣሁ።

"ስንት ጭረት ነበር፣ ጋሼ?" አለችኝ።

አልቆጠርኩትም።