ኤልስ ውስጥ የሚጠፋው ገንዘብ

ያቀረብክልኝ ችግር ባጭሩ፦ በጃቫ የተጻፈ የሱቅ ሽያጭ ፕሮግራም አለህ። ላፕቶፕህ ላይ አይሳሳትም፤ ሱቁ ላይ ግን የቴሌብሩም የዱቤውም ሽያጭ «ጥሬ» ተብሎ ይመዘገባል። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ይጎድላል፣ ካሸሯ ትወቀሳለች።

ጥሬው ብቻ ትክክል መሆኑ አስጠረጠረኝ። ኮዱን ባላየውም፣ የክፍያውን ዓይነት የምታወዳድረው በ== ነው። ጃቫ በዚህ ምልክት የሚጠይቀው ፊደሉ አንድ መሆኑን ሳይሆን ኦብጀክቱ (ሜሞሪ ውስጥ የተቀመጠው ነገር) ራሱ ያው መሆኑን ነው። ላፕቶፕህ ላይ ቃሉን እዚያው ኮዱ ውስጥ ስለጻፍከው ይገጥማል፤ ከዳታቤዝ ሲመጣ ግን ፊደሉ ያው፣ ኦብጀክቱ ሌላ። ኢፉን («ይህ ከሆነ» የሚለውን) ሁሉ አልፎ መጨረሻ ያለው ኤልስ («ካልሆነ» የሚለው) ውስጥ ይወድቃል። እዚያ «ጥሬ» ብሎ የጻፈውን ሰው ባገኘው!

ፊደሉን ወደሚያወዳድረው ኢኩዋልስ ብትቀይረው ለዛሬ ይድናል። ነገር ግን ያው የኢፍ ሰንሰለት ደረሰኙ ላይም፣ ተመላሹ ላይም ተገልብጦ ተለጥፏል ብዬ እወራረዳለሁ።

ምንም ከመንካትህ በፊት ካለፈው ወር ሠላሳ ሽያጭ አውጣና ትክክለኛ ውጤታቸውን በቴስት (ፕሮግራሙን በሚፈትሽ ኮድ) ያዝ። የሰው ገንዘብ ነው።

ከዚያ «ክፍያ» የሚል አብስትራክት ክላስ (ዝርዝሩን ለልጆቹ የሚተው የኦብጀክት ንድፍ)፣ ከሥሩ ጥሬ፣ ቴሌብር፣ ዱቤ የሚሉ ክላሶች ሥራ። እያንዳንዱን የኢፍ ቅርንጫፍ ወደየክላሱ አዛውር። ጽሑፉን ወደ ኦብጀክት የሚቀይር አንድ ማፕ (ቃልን ከኦብጀክቱ የሚያገናኝ ዝርዝር) ብቻ ይኑር፤ እዚያ የሌለ ቃል ሲመጣ ኤክሴፕሽን (የስህተት ጩኸት) ይወርውር።

«ታዲያ ማን ይመርጣል?» ላልከው፣ ይህን ማስረዳት እወዳለሁ። እያንዳንዱ ኦብጀክት የክላሱን አድራሻ ይዞ ይዞራል። ክላሱ ዘንድ የሜተዶች (ክላሱ የሚሠራቸው ሥራዎች) ሰንጠረዥ አለ። «መዝግብ» አምስተኛው ረድፍ ላይ ከዋለ፣ በጥሬም በቴሌብርም በዱቤም አምስተኛው ነው፤ የሚለያየው ረድፉ ላይ የተጻፈው አድራሻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ «አንተ ማነህ?» አይልም፤ ሰንጠረዡን ከፍቶ አምስተኛው ወደሚመራው ይሄዳል። አዲስ ክፍያ ሲመጣ ጠሪው ኮድ አይነካም፤ አዲሱ ክላስ አንድ ሜተድ ቢጎድለው ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ይጮኻል። ብልሃቱ ሲሙላ 67 ከሚባለው የቀድሞ የፕሮግራም ቋንቋ ጀምሮ ያለ ነው።

ከአንተ በፊት የነበረው ሰውዬ ክላሶቹን ሠርቶ በኢንስታንስኦፍ («የዚህ ክላስ ነህ?» በሚለው ትእዛዝ) ይጠይቅ ነበር ያልከው፣ በር አስገጥሞ በመስኮት መግባት ነው። አጥፋው። ግን ደግሜ እላለሁ፦ ቴስቱ ሳያልፍ ሱቁ ላይ እንዳትጭን።

በመጀመሪያው ጠዋት ኤክሴፕሽኑ ቢጮኽ አትደንግጥ። ዳታቤዙን ክፈት፤ ከኋላው ባዶ ቦታ የተንጠለጠለበት «ዱቤ » ሳይኖር አይቀርም።