«ሌጋሲ» የሚለውን ባጠፋው ምን ይመጣል?

ጥያቄ፦ የሊኑክስ ከርነልን፣ ማለትም የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ራሴ ኮምፓይል ማድረግ (ከምንጭ ኮዱ ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር) ጀምሬያለሁ። ምርጫዎቹን ሳገላብጥ «ሌጋሲ» (ለድሮ ፕሮግራሞች ሲባል የቆየ) የሚል ቃል ያለባቸው አሉ። ለደህንነት ሲባል ቢጠፉ ይሻላል የሚል ማብራሪያም አያለሁ። አደገኛ ከሆኑ ለምን ጨርሰው አያወጧቸውም? ባጠፋቸውስ ማሽኔ ይበላሻል?

መልስ፦ ማሽንዎ አይበላሽም። አንድ ያረጀ ፕሮግራም ግን ሊያኮርፍ ይችላል።

ለምን አያወጧቸውም ላሉት፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ዋዛ የማያውቅበት አንድ ሕግ አለው፦ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ከርነሉ ስለተቀየረ ብቻ ዛሬ መቆም የለበትም። ጥሩ ሕግ ነው። ዕዳው ግን የሚወድቀው ሁላችንም ላይ ነው። ለጥቂት ሰዎች ተብሎ የተቀመጠ ኮድ ስሙን እንኳ ሰምተን በማናውቅ ሰዎች ማሽን ላይም ይገባል። ዲሲሲፒ የሚባል የኔትወርክ ፕሮቶኮል ተጠቅመው ያውቃሉ? እኔም አላውቅም። በ2017 እ.ኤ.አ. ግን ተራ ተጠቃሚን ሩት፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ፣ ሊያደርግ የሚችል ስህተት ተገኘበት። ስህተቱ ከ2005 ጀምሮ እዚያው ነበር። ሞጁሉ (ከርነሉ ላይ የሚጨመረው የፕሮቶኮሉ ኮድ) ቀድሞ ባይጫን እንኳ ብዙ ማሽኖች ላይ አያድንም ነበር፤ አንድ ሰው በዚህ ፕሮቶኮል ሶኬት (የኔትወርክ መገናኛ) ልክፈት ሲል ከርነሉ ራሱ ይጭንለት ነበር።

እኔን ያሳመነኝ ግን ቲአይኦሲኤስቲአይ የሚባለው የተርሚናል ጥሪ ነው፤ ተርሚናል ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት ነው፣ ጥሪ ደግሞ ፕሮግራም ከርነሉን ሥራ የሚጠይቅበት መንገድ። ሥራው አንድ ፕሮግራም ተርሚናሉ ላይ ፊደል «እንዲጽፍ» መፍቀድ ነው፤ ከርነሉ ሰው ኪቦርድ ላይ እንደጻፈው አድርጎ ይቀበለዋል። ማመን ስላቃተኝ ሞከርኩት። ሩት ሆኜ ተጠቃሚ በሚቀይረው «ኤስዩ» ትእዛዝ ወደ ተራ ተጠቃሚ ዞርኩና ጥቂት መስመር ያላትን ፕሮግራም አስነሳሁ። ከዚያ እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። የተራ ተጠቃሚው ሼል (ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ራሱ ተዘጋ። የሩቱ ሼል ተመለሰና ያልጻፍኩት ትእዛዝ ፊደል በፊደል ወጥቶ ሄደ። የማንነት ቁጥሩ ዜሮ፣ ማለትም ሩት። ያን ቀን ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ኦፕን ቢኤስዲ የሚባለውን ሌላ ስርዓተ ክወና የሚሠሩት በ2017 ይህን ጥሪ ነቅለው ጣሉት። ሊኑክስ ደግሞ በ6.2 ስሪቱ፣ በ2023 መሆኑ ነው፣ ማጥፊያ አበጀለት። ኮምፓይል ማድረግ እንኳ አያስፈልግም፤ ማሽኑ እየሠራ የከርነሉን ቅንብር በሚቀይረው «ሲስሲቲኤል» ትእዛዝ ዜሮ ማድረግ ይቻላል። ለምን አልነቀሉትም ካሉኝ፣ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት ቢአርኤልቲቲዋይ የተባለው የብሬይል ፕሮግራም በዚህ ጥሪ ይሠራል። እንዲህ ያለ ሰው እያለ «ማንም አይጠቀምበትም» ማለት ነውር ነው። ለዚህ ነው ምርጫ መሆኑን የምደግፈው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከ6.7 ስሪት ጀምሮ የ32 ቢት ፕሮግራሞችን (የዛሬዎቹ ባብዛኛው 64 ቢት ናቸው) ድጋፍ ማሽኑ ሲነሳ ለከርነሉ በሚሰጥ አንድ ቃል ማጥፋት ይቻላል። አጠፋሁት፤ ረሳሁትም። ከሳምንታት በኋላ አንድ የቆየ የስካነር ፕሮግራም «የፋይሉ ፎርማት ስህተት ነው» ብሎኝ አልነሳም አለ። ሦስት ጊዜ ዳግም አወረድኩት። ዲስኬን ጠረጠርኩ፣ ግማሽ ቀን ፈተሽኩት። ለካ ጥፋተኛው እኔው ነኝ!

ስለዚህ ሁሉንም ባንዴ አያጥፉ። ያንን የተርሚናል ጥሪ ዛሬውኑ ያጥፉት፤ የብሬይል ማሳያ ካልተጠቀሙ የሚጎድልብዎ ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። 32 ቢቱን ከመንካትዎ በፊት ግን የቆዩ ፕሮግራሞችዎን «ፋይል» በሚለው ትእዛዝ አንድ በአንድ ይዩአቸው፤ 32 ቢት ከሆነ እዚያው ይነግርዎታል። ያጠፉትንም ከነቀኑ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የኔ ወረቀት አሁን ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል።