አፈሩ ሲራብ ሳሩ ይጠፋል፦ ለቆላ አርቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ድርቆሽና ስለ ግጦሽ መሬት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ዝናብ የሚያጥርበት አገር ላይ አተኩሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቆቦ ነኝ። የድርቆሽ መሬቴ ታጥሯል፣ ከብት አይገባበትም። ግን ምርቱ በየዓመቱ ይቀንሳል። ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከብት ባይገባም ማጭድ ይገባል። አንድ ቶን የሳር ድርቆሽ ከማሳህ ሲወጣ ሳሩን የሚያሳድገውን ምግብ፣ ከ12 እስከ 20 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል። ሌላው የተክል ምግብ ፖታሲየሙም ከዚያ አያንስም። ከብቱ ቤት ይበላዋል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ለመሬቱ የሚመለስለት የለም። እንዲህ ሲቀጥል ጥሩው ሳር ይመነምናል፣ ቦታውን አረም ይወርሰዋል።

ስለዚህ ፍጉን መልስለት። ማገዶ በሌለበት ኩበት ተው ማለት ከባድ ነው፣ እሱን አልልህም። ነገር ግን ከበረት የምትጠርገው ሽንት የነካው ገለባና የመኖ ትራፊ ለማገዶ አይሆንም፣ ለአፈር ግን ትልቅ ሀብት ነው። ጉድጓድ ውስጥ አጠራቅመህ ጥላ አድርግለት። ፀሐይ ላይ ከከረመ ናይትሮጅኑ ይበናል። ክረምት ሊገባ ሲል በትነው። ከቻልክ ደግሞ በበጋ ከብቶቹን እዚያው ማሳ ላይ፣ በየጥቂት ቀኑ ቦታ እየቀየርክ አሳድራቸው። እበቱም ሽንቱም ያለ ድካም እዚያው ይቀራል። ቦረና ውስጥ የድሮ በረት የነበረበት ቦታ ላይ የሚበቅለውን ሳር ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

ጥያቄ፦ ዩሪያ ብቻ ብጠቀምስ?

መልስ፦ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ሳሩን ቶሎ ያነሳዋል። ግን ደረቅ አፈር ላይ ተበትኖ ዝናቡ ከዘገየ ብዙው ወደ አየር ይሄዳል። ውሃ የሚይዝ ብስባሽም አይጨምርም። እርጥበት ሲኖር፣ ከፍግ ጋር ከሆነ ይሁን።

ጥያቄ፦ መሬቱ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሯል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ላዩ ላይ ይፈስሳል እንጂ አይገባም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የተራቆተ አፈርን ጠብታ ሲመታው ደቃቁ ክፍል ቀዳዳውን ይደፍናል። መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሪ። ሁለቱም ጫፉ የተከፈተ ጣሳ ትንሽ አፈር ውስጥ አስገቢና ውሃ ጨምሪበት። አንዴ ግራር ሥር፣ አንዴ ሜዳው ላይ። ውሃው የቱ ጋ ቶሎ እንደሚሰርግ አስተያዪ። ልዩነቱ የጎደለሽን ይነግርሻል፦ ቅጠል፣ ሥርና ጥላ።

ከዚያ ግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ጉድጓዶች ቆፍሪ፣ አፋቸው ወደ ዳገቱ ይሁን። የሚወርደውን ውሃ ይይዛሉ። ውስጣቸው ትንሽ ፍግ ጨምረሽ ድርቅ የሚችለውን ባፈል የሚባል የመኖ ሳር ዝሪ። የባፈል ዘር አዲስ ከሆነ ቶሎ አይበቅልም፣ ከ6 ወር በላይ የቆየ ፈልጊ። ላዩን እሾሃማ ቅርንጫፍ አልብሺው፤ ፀሐይ ይከላከላል፣ ፍየልም ያርቃል።

ጥያቄ፦ ድርቆሽ መቼ ይታጨድ?

መልስ፦ ማበብ ሲጀምር። ብዙዎቻችን ክምሩ ይብዛልን ብለን ዘሩ እስኪረግፍ እንጠብቃለን። ያኔ ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ በታች ይወርዳል፣ በከብቱ ሆድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳትም ይዳከማሉ። ስታጭዱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጉቶ ተዉ። ከዚያ በታች መላጨት የሳሩን ስንቅ መውሰድ ነው፣ አፈሩንም ለፀሐይ ማጋለጥ ነው። በየዓመቱ አንድ ጥግ ሳይታጨድ ዘሩን ይጣል፣ ጥጉን ግን ቀያይሩት።

ጥያቄ፦ አልፋልፋ ልዝራ?

መልስ፦ መስኖ ካለህ አዎ። ዝናብ ብቻ ከሆነ ላብላብ ወይም ካውፒ የሚባሉት የባቄላ ዘመድ የሆኑ የመኖ ተክሎች ይሻሉሃል። ሁለቱም በሥራቸው ናይትሮጅን ከአየር ያስገባሉ፣ ከሳር ድርቆሽ ጋር ሲቀላቀሉም ከብቱ ይወዳቸዋል። ሥራቸውን አትንቀል፣ ከላይ እጨድ።

ጥያቄ፦ አፋር ውስጥ፣ አሚባራ ነው ያለሁት። በመስኖ የለማው መሬት ነጭ ጨው አውጥቷል። ፍግ ያድነዋል?

መልስ፦ አባቴ፣ ፍግ ብቻውን አያድነውም። ጨው የሚወጣው በውሃ ታጥቦ ነው፣ ታጥቦ የሚሄድበት ቦይ ደግሞ ያስፈልገዋል። ቦዩ እስኪሠራ ሮደስ ሳር ይዝሩበት። ጨው በደንብ ይቋቋማል፣ አፈሩንም ስለሚሸፍን ትነቱ ይቀንሳል፣ ከታች ወደ ላይ የሚሳበው ጨውም ያንሳል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቅበሩት።