መልስ፦ አራቱን የእንግሊዝኛ ክህሎቶች (ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ) በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዴት ላቀናጅ?

እህቴ፣ ሊስኒንግ አንድ ቀን ራይቲንግ ሌላ ቀን እያሉ ለየብቻ ማስተማሩ እንዳልሠራልሽና በዲጂታል ነገር አንድ ላይ ማስኬድ እንደፈለግሽ ነው የጠየቅሽው፣ እኔ የምልሽ አፕ ከማብዛት አንድ አጭር ኦዲዮ ያዢና ትምህርቱን በሙሉ እሱ ላይ ገንቢው። ለምሳሌ የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ 6 ሚኒት ኢንግሊሽ የሚባለው የኦዲዮ ፕሮግራም በጣም ይመቻል፣ 6 ደቂቃ ገደማ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ጥያቄ ይጠይቁና መልሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚነግሩሽ፣ የሚሉት ሁሉ በጽሑፍም ዌብሳይቱ ላይ አለ። እና ጥያቄው እንደተጠየቀ ፖዝ አድርጊው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይገምቱ፣ ለምን እንደመረጡ ይከራከሩ (ስፒኪንጉ እዚህ ጋ ሳይታወቃቸው ይገባል)፣ ከዛ እስከ መጨረሻው ያዳምጡ።

ጽሑፉን ግን ቀድመሽ እንዳትሰጪ! አንዴ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ካረፈ ማዳመጥ ያቆማሉ፣ እኔ ብዙ ጊዜ ተሳስቼበታለሁ። ሁለቴ ከሰሙ በኋላ ስጫቸውና ያመለጣቸውን ራሳቸው ያስምሩበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን ያውቁታል፣ ተናጋሪው ከቀጣዩ ቃል ጋር አያይዞ ስለጠራው ነው ያልሰሙት፣ ያንን ሲያዩ በጣም ነው የሚገርማቸው።

ራይቲንጉን ጉግል ዶክስ ላይ (ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚጽፍበት የኢንተርኔት ሰነድ ነው) በቡድን አንድ አንቀጽ ይጻፉ፣ መጀመሪያ እርስ በርስ ኮሜንት ይሰጣጡ፣ ያንቺ እርማት ከዛ በኋላ ይምጣ። ኔትወርክ ካስቸገረ ኦዲዮውን ቀድመሽ ዳውንሎድ አድርጊው፣ ስልክ ለሁሉም አያስፈልግም አንድ ስፒከር ይበቃል። ፈጠነብን ካሉሽ ማጫወቻው ላይ ፍጥነቱን 0.75 አድርጊላቸው፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ወደ ኖርማሉ መልሺው።